ጎሚስታው፣ ፍሪጁና ሦስተኛው አልበም

በሰፈሩ ሁለት ነገር ከጎሚስታው እጅ አያመልጥም ይባላል፤ የተነፈሰ ጎማና የድሮ ሮክ። ቀን ቀን ከመንገዱ ዳር ባለች ጠባብ ቤቱ ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። ዓርብ ዓርብ ከሥራ መልስ ደግሞ እጁን በሳሙናና በአሸዋ ፈትጎ፣ ጊታሩን አንግቶ ወደ ሠራተኞች አዳራሽ ይሄዳል። ሳሙናውም አሸዋውም ጥፍሩ ሥር ያለውን ጥቁረት አስለቅቀውት አያውቁም። በነጭ ሸሚዝ መድረክ ላይ ሲወጣ ከኋላ ወንበር ያለ ሰው ጥቁር ጓንት ያጠለቀ ይመስለዋል።

የሚጫወተው ሮክ ዘመን አመጣሹን አይደለም። ከሥር መሠረቱ ያለውን፣ አቧራ የጠገበውን፣ አንድ ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ብሶቱን ለጎረቤት የሚናገር የሚመስለውን ነው። ሦስት ኮርድ፣ ቀጥ ያለ ከበሮ፣ ስለ ረጅም መንገድና ጥላ ስለሄደች ሴት የሚያወራ ግጥም። እሱ ራሱ ረጅም መንገድ ሄዶ አያውቅም፤ መኪና ላይ ረጅም ሰዓት ከተቀመጠ ያቅለሸልሸዋል። ሚስቱም የትም አልሄደችም፤ ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት አብራው አለች። ይህን የሚያነሳበት ሰው ሲገኝ፣ «ጥበብ እኮ የኑሮ ፎቶ ኮፒ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። ስለ ኮርዶቹ ቁጥር የሚጠይቀው ካለ ደግሞ፣ «አራተኛ ኮርድ የሚጨምር ሰው የሚደብቀው ነገር አለው» ይላል።

ባንዱ ሦስት ሰው ነው። ባስ ጊታር የሚጫወተው የጂኦግራፊ መምህር ሲሆን በሁሉም ነገር የሚስማማ፣ ሲጫወትም ዓይኑን ጣሪያ ላይ ተክሎ የሚቆም ረጅም ሰው ነው። ከበሮ የሚመታው የጎሚስታው ሚስት ታናሽ ወንድም፣ የሰፈሩ ባለሥጋ ቤት ነው። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ነው፣ እህቱ ባገባች በዓመቱ፣ ወደ ባንዱ የገባው፤ እስከ ዛሬም ጎሚስታውን «ጋሼ» እያለ ነው የሚጠራው። ልምምዳቸው ከሥጋ ቤቱ በስተጀርባ፣ ትልቁ ፍሪጅ በቆመበት ክፍል ውስጥ ነው።

ጎሚስታው አንድ የማይሻር ሕግ አለው። አልበም ሲቀዳ ሁሉም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ ይጫወታል፤ አንዴ የተቀዳ አይደገምም። «በተለጠፈ ላይ የሚለጥፍ ሥራ የማያውቅ ነው» ይላል። በዚህ ሕግ ሁለት አልበሞች ወጥተዋል። ነርሷ ሚስቱ ዕቃ ስታጥብ የትኛው አልበም እንደተከፈተ ለይታ አታውቅም። አንዴ አንድ ጎረቤት «ሁለተኛውን ዘፈን ወድጄዋለሁ» ሲለው ጎሚስታው ደስ ብሎት «ከየትኛው አልበም?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ትንሽ አሰብ አደረገና «ከመጀመሪያው ዘፈን ጋር የሚመሳሰለው ያለበት» አለው።

ነገሩ የተበላሸው፣ ወይም የተቃናው፣ በእሳት አደጋ መኪና ጎማ ነው። ጎማው ከጎሚስታው በር ስለሚሰፋ እሱ ራሱ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ጣቢያው ሄደ። መሬት ላይ ተንጋሎ ሚስማሩን በጉጠት ይዞ ሊስብ ሲል ከግንቡ ወዲያ የጣቢያው የሙዚቃ ጓድ ልምምድ ጀመረ። ተራ የሰልፍ ዜማ ነው፤ ባለሥልጣን ሲሞት ወይ ሕንፃ ሲመረቅ የሚነፋ። ግን ትሮምቦኑ ከታች እየተንፏቀቀ ሲወጣ፣ ትራምፔቶቹም ሲቀበሉት፣ ጎሚስታው ጉጠቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ባለፈው ሳምንት ጀምሮ የተወው ዘፈን ነበረው፤ መሄጃ ያጣ። መሄጃው እዚያ፣ ከግንቡ ማዶ ነበር። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ አራተኛ ኮርድ አማረው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ የዋለችበት ተረኛነት እግሯን አሳብጦት ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

«ጥሩምባ ላስገባ ነው» አላት።

«የት?»

«አልበሙ ውስጥ። ስድስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች። ሰልፍና ሮክ አንድ ላይ። ዳንኪራም ይኖረዋል። ዋልዝም ሳይኖር አይቀርም።»

«ተመስገን» አለች፤ «ቢያንስ የትኛው አልበም እንደሆነ አውቃለሁ።» ከዚያ እግሯን ከውሃው አውጥታ፣ «ወንድሜን ነግረኸዋል?» አለችው።

«እሱ ነው እንጂ የሚቸግረኝ። ቀጥ ካለ ምት ሌላ አያውቅ። አዲስ ነገር ያስፈራዋል።»

ሚስቱ «ይሁን እስቲ» አለችና ፎጣውን እንዲያቀብላት እጇን ዘረጋች።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ነገራቸው። መምህሩ እንደ ልማዱ ተስማማ፤ እንዲያውም ባሱን ታቅፎ ጣሪያውን እያየ ፈገግ አለ። ባለሥጋ ቤቱ ግን ጎንበስ ብሎ የከበሮውን እግር ሲያጠብቅ ቆየና ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ እኔ የለሁበትም» አለ። «ክፍሉን እከፍትላችኋለሁ። ዓርብ ዓርብም እንደወትሮው እመታለሁ። አልበሙን ግን አልነካውም።»

ጎሚስታው ቢለምነው፣ ቢያባብለው፣ ቢቆጣው ወይ ፍንክች። ሌላ ከበሮ መቺ ከተማው ሞልቷል፤ ጎሚስታው ግን ሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ ሰው በስተቀር ከማንም ጋር አንዲት ዘፈን ተጫውቶ አያውቅም። እግሩን የት እንደሚያሳርፍ የሚያውቀው በዚያ ከበሮ ነው። ደግሞም የቤተሰብ ነገር አለ። እሑድ ምሳ ሁለቱም አንድ ገበታ ነው የሚቀርቡት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ባለሥጋ ቤቱ ጨው ሲፈልግ «ጋሼ አቀብለኝ» ማለት ትቶ ራሱ ተነስቶ ማንሳት ጀመረ። ይህ ጎሚስታውን ከከበሮው በላይ አመመው። አልበሙ ቢወጣ፣ ቢወደድ እንኳ፣ አማቹን ካጣ ምን ሊያደርገው ነው?

ግን ጥበብ አናቱ ላይ ወጥታለችና ወደኋላ አላለም። ስድስቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጥሩምባቸውን አንግተው መጡ። መሪያቸው ሪዛም አለቃ ነው፤ ክፍሉ እንደገባ መጀመሪያ ያየው መውጫ በሩን ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ጀመሩ። ከሁለት መስመር በኋላ አለቃው እጁን አነሳ።

«ይቅርታ፣ ጊታርዎ አልተቃኘም» አለ።

«የእርስዎ ጥሩምባ ይሆናል ያልተቃኘው» አለ ጎሚስታው።

«እኛ በሚኒስትሮች ፊት ነው የምንነፋው።»

«እኛም በሠራተኞች ፊት ነው የምንጫወተው፤ ሠራተኛ ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ ቢያስቀይመው ኖሮ ይነግረን ነበር።»

እንደገና ጀመሩ። እንደገና ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ሄዱ እንጂ አልተገናኙም፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ነገር። ጎሚስታው ክሮቹን ፈታ፣ አጠበቀ፣ እንደ ልማዱ ጆሮውን ወደ ጥግ አዘነበለ፣ ቃኘ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። ይህን ሁሉ ጊዜ መምህሩ ጎሚስታው ጆሮውን ያዘነበለበትን ጥግ ሲያይ ነበር።

«አለቃ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጉዱ ከእኛ ዘንድ ነው መሰለኝ። የመቃኛ መሣሪያችን ከተሰበረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የምንቃኘው በፍሪጁ ነው።»

ሁሉም ወደ ፍሪጁ ዞሩ። ፍሪጁ እምምም ይላል። አለቃው ትራምፔቱን አንስቶ አንድ ድምፅ ነፋና ከፍሪጁ ጋር አስተያየው። ፍሪጁ ዝቅ ይል ነበር። ብዙ አይደለም፤ ማንም ብቻውን ቢሰማው የማያውቀው ያህል። አሥራ አንድ ዓመት፣ አንድ አልበምና ስንት መቶ ዓርብ፣ ከዓለም ሁሉ በትንሹ ዝቅ ብለው ሲጫወቱ ኖረዋል ማለት ነው። ጎሚስታው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«እንንቀለውና በትክክለኛው እንቃኝ» አለ መምህሩ።

ባለሥጋ ቤቱ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ከሦስት ደቂቃ በላይ አይነቀልም፤ ሥጋ አለበት» አለ።

ሲነቀል ክፍሉ ውስጥ እንግዳ ጸጥታ ሰፈነ። ጎሚስታው ክሮቹን ወደ ላይ አጠበቃቸው፤ አንድ መስመር ሊዘፍን ሞከረ፤ ድምፁ ቀጥኖ፣ ሱሪው ያጠረበት ሰው ሆኖ ተሰማው። የራሱን ዘፈን አላወቀውም። አለቃው አዘነለት መሰል፣ የእሳት አደጋ ሰው ለተቸገረ ደራሽ ነውና፣ ወደ ልጆቹ ዞሮ፣ «ቱቦዎቻችሁን ትንሽ ሳብ አድርጋችሁ አርዝሙ። በፍሪጁ እንቃኛለን» አለ። ፍሪጁ ተሰካ፤ ሁሉም ተሰብስበው ወደ ጥጉ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ከዚያ ሲጀምሩ ገጠመ። እንዲያውም ያ ዝቅታ ጥሩምባዎቹን ከሚኒስትር ፊት አውርዶ ደጃፍ ላይ አስቀመጣቸው። ጎሚስታው የፈለገው ይህንን ነበር፤ ምን እንደሚፈልግ ግን ሲሰማው ነው ያወቀው።

የቀረው ከበሮ ነው። አለቃው ትልቁን የሰልፍ ከበሮ የሚመታ ሰው አመጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ግን የሚመታው ሬሳ የሚሸኝ ያህል ነው። ዳንኪራውን ሲመታው ሰው የተቀበረበት ዳንኪራ ሆነ። ጎሚስታው ሦስት ልምምድ ታገሠና ቆሽቱ አረረ። እሑድ ሊቀዱ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጎማ ቤቱን ዘግቶ በቀጥታ ወደ ሥጋ ቤቱ ሄደ።

ሥጋ ቤቱ ሰልፍ ነበረው። ባለሥጋ ቤቱ ሽርጡን ታጥቆ ግንዱ ላይ አጥንት ይሰብራል።

«ምን ልቁረጥልህ ጋሼ?»

«ለሥጋ አይደለም የመጣሁት።»

«እንግዲያው ሰልፉን አትዝጋብኝ።»

«አንተ ሰው፣ ስለ ምን እንዲህ ድርቅ ትልብኛለህ? አዲስ ነገር ይህን ያህል ያስፈራል?»

መጥረቢያው አየር ላይ ቆመ። «እኔን ነው አዲስ ነገር የሚያስፈራኝ?» አለ ባለሥጋ ቤቱ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ባንዱ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንድ ምት ጀመርኩ፤ ሁለት ከባድ፣ አንድ ቀላል፣ ከዚያ ትንሽ ቆም የምትል። አንተ ዘፈኑን አቋርጠህ ዞርክ። በማይክራፎን ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ?»

ጎሚስታው አላስታወሰም። «ምን አልኩ?»

«‹ይቅርታ አድርጉልን፤ ልጁ አሁንም አጥንት የሚሰብር መስሎት ነው› አልክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለህ ‹ቀጥ በል› አልከኝ።» መጥረቢያውን ግንዱ ላይ አስቀመጠው። «አጥንት ነበር እኮ ጋሼ። አባቴ እዚህ ግንድ ላይ አጥንት ሲሰብር የነበረው ምት ነው። ከሞተ ሁለት ወሩ ነበር። በዘፈን ላስታውሰው ብዬ ነው። አንተ ታላቄ ነህ፣ የእህቴ ባል ነህ፤ ቀጥ በል አልከኝ፣ ቀጥ አልኩ። ይኸው ሃያ ዓመት። አሁን አንተ ጎማ ስትፈታ ጥሩምባ ሰማህና ፈሪው እኔ ሆንኩ?»

ጎሚስታው አፈረ፤ በእውነት አፈረ። ሃያ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ከበሮ የሚመታውን ሰው ደረቅ ነው እያለ ሲያማ፣ ያደረቀው እሱ ራሱ ነበር። ሰልፉ ፊት ላይ ቅርጫት ይዘው የቆሙ አሮጊት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አሉ።

ከኋላቸው ያለ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንኳ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ» አለ። «ስቄያለሁ።»

«አንተም ይቅርታ ትጠይቃለህ» አሉት አሮጊቷ። ወደ ጎሚስታው ዞረውም፣ «በሰው ፊት ነው አንገቱን ያስደፋኸው፤ በሰው ፊት ካሰው። እኛም ሰው ነን፤ ይኸው ቆመናል» አሉ።

ጎሚስታው ኮፍያውን አወለቀ። «አጥፍቻለሁ» አለ። «የአባትህ መሆኑን አላወቅሁም፤ ባላውቅም ግን አፌን መዝጋት ነበረብኝ። ይቅር በለኝ።» ሰውየውም ፌስታሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ «እኔንም» አለ።

ባለሥጋ ቤቱ ግንዱን በጨርቅ ጠረገ፤ የተጠረገውን እንደገና ጠረገው። «እሑድ እመታለሁ አልልም» አለ። «በሩን ግን እከፍታለሁ። አንድ ኪሎ ነበር ያሉኝ እማማ?»

እሑድ ጠዋት በሩን ከፈተ። ሠርግ የሚቀዳው ጎረቤታቸው ማይክራፎኖቹን ተከለ፤ ጥሩምባ ነፊዎቹ ፍሪጁን ከበው ተቃኙ፤ ሬሳ ሸኚው ከበሮ መቺ ጥጉ ላይ ቆመ። ባለሥጋ ቤቱ የጠርሙስ ሣጥን ገልብጦ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አምስት ዘፈን ተቀዳ። ባለሥጋ ቤቱ በእያንዳንዱ ምት ፊቱን እያጨማደደ፣ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ጉንጩን ይዞ ሰማ። በአምስተኛው መጨረሻ ተነሳ። ለጎሚስታው ሊሄድ የተነሳ መሰለው። ባለሥጋ ቤቱ ግን የሰልፍ ከበሮ መቺውን ትከሻ መታ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ደክሞሃል፤ እረፍ» አለውና የራሱ ከበሮ ላይ ቁጭ አለ።

ስድስተኛው ዘፈን ጎሚስታው ሦስት ወር የተዘጋጀበት ነው። መሀሉ ላይ ሁሉም ይቆማል፤ ከበሮው ብቻ ስምንት ዙር ይመታል፤ ከዚያ ጎሚስታው ለብቻው ይገባና ሃያ ሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ሁሉ በጊታሩ ይናገራል። ለሚስቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ጎማ ለሚያስለጥፉ ሾፌሮች ሳይቀር ሲያወራለት የከረመ ነገር ነው። ሁሉም ቆመ። ባለሥጋ ቤቱ ጀመረ። ሁለት ከባድ፣ አንድ ቀላል፣ ከዚያ ትንሽ ቆም።

ምቱ ያነክስ ነበር፤ ግን አይወድቅም። ቆም ባለ ቁጥር አንድ ሰው መጥረቢያ ሲያነሳ የሚታይ ይመስል ነበር። ስምንት ዙር አለቀ። ጎሚስታው ጣቶቹን ክሩ ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት። መምህሩ ከጣሪያው ላይ ዓይኑን አንስቶ አየው። ባለሥጋ ቤቱም በዓይኑ ጠራው፤ መልስ ሲያጣ መምታቱን ቀጠለ፤ እየጨመረ፣ እያሰፋው ሄደ። አለቃው ጊታሩን ሲጠብቅ ቆይቶ፣ እሳት ሲነሳ ትእዛዝ የማይጠብቅ ሰው ነውና፣ በሃያኛው ዙር እጁን አነሳና ጥሩምባዎቹን አስገባ። ዘፈኑ እንዲሁ አለቀ።

ቀጂው የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። «ጊታሩ አልገባም። እንድገመው?»

«ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለ ባለሥጋ ቤቱ እያለከለከ። «ክር ተበጠሰ?»

«አልተበጠሰም።»

«ታዲያ?»

«እየሰማሁህ ነበር።»

ባለሥጋ ቤቱ መምቻዎቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «አሁን?» አለ።

«አዎ፣ አሁን። በጣም ዘገየሁ» አለ ጎሚስታው። እንባው መጣና በእጁ ጀርባ ጠረገው፤ ጉንጩ ላይ የጎማ ጥቁረት ተሰመረ። ማንም አልሳቀበትም፤ አለቃው ብቻ መሀረብ ፍለጋ ኪሱን ዳሰሰ።

«እሺ፣ ይደገማል ወይስ አይደገምም?» አለ ቀጂው፤ ከሰዓት በኋላ ሠርግ ነበረበት።

«አይደገምም» አለ ጎሚስታው። «ሰባተኛውን እንቀጥል።»

እስከዚያች ቀን ዘፈን ሁሉ የሚጀመረው ጎሚስታው ሲቆጥር ነው። አሁንም አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ወደ ከበሮው ዞረና፣ «አንተ ቁጠርልን» አለ። ባለሥጋ ቤቱ አየው፤ መምቻዎቹን አነሳና አራት ቆጠረ። ጎሚስታውም ተከትሎት ገባ።